አለቃው ቀድመው የተናገሩ ዕለት

በዚያ ጠዋት በመንደራችን በሞሩላነ ኮትላ የነበሩት እነዚህ ናቸው። አለቃ ኬሬንግ በጠፍር በተጠለፈች ዝቅተኛ ወንበራቸው ላይ፤ ጸሐፊው ሞሌፊ ከነማኅተሙ፤ ሽማግሌው ራዲኮኮ፤ ክንዱ በዛፍ ቅርፊት የታሰረው ሾፌር ጋሬ፤ አጎቴ ሌካንግ፤ ወደ ከብት ሰፈር ያልሄዱ ወንዶች፤ ከአጥሩ ጥግ መሬት ላይ የተቀመጡ ሴቶች፤ ከሴቶቹ መሃል እናቴ፤ ከእናቴ ብርድ ልብስ ሥር እኔ። ጊዜው የእርሻ ወር መግቢያ ነበር። ዝናቡ ገና አልመጣም። አገራችን የራሷን ባንዲራ ከሰቀለች ጥቂት ዓመት ሆኗታል። እኔ ስምንት ዓመቴ ነው።

ያን ዕለት የሆነውን ሁላችንም አይተናል። እነሱ ያዩትና እኔ ያየሁት ግን ለየቅል ነበር።

ኮትላው ከአለቃው ግቢ ፊት ለፊት ነው። ወፍራም ግንዶች በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ተተክለው ነፋሱን ይከልሉታል፤ መሃሉ ላይ እሳት አለ። ሰው ከሰው ሲጣላ፣ የአንዱ ከብት የሌላውን ማሽላ ሲበላ፣ ባልና ሚስት ሲካረሩ የሚመጡት እዚያ ነው። የኮትላን ሕግ እኛ ልጆች እንኳ እናውቀው ነበር። ቃል ያለው ሰው ቃሉን ይጨርሳል፤ ማንም አያቋርጠውም። አለቃው ሁሉንም ሰምተው መጨረሻ ላይ ይናገራሉ። «አለቃ የሚናገረው ጆሮው ሲጠግብ ነው» ይባላል። ራዲኮኮ አንድ ጊዜ ስለ ጠፋችበት ፍየል መናገር ጀምሮ ወደ አያቱ ሠርግ ተሻገረ፤ ከዚያ የአንበጣው ዘመን ውስጥ ገባ፤ በዚህ መሃል ፍየሏ ራሷ በኮትላው በር አልፋ ወደ ቤቷ ስትሄድ ሰው ሁሉ አያት። ያቋረጠው ግን አልነበረም።

ያን ዕለት አለቃው ቀድመው ተናገሩ።

ነገሩ የተጀመረው ከዚያ በፊት በነበረው ቀን፣ በአህያችን ነው። አባቴ በደቡብ ማዕድን ማውጫ ውስጥ ከሞተ ወዲህ ቤታችንን የያዙት እናቴና ታናሽ ወንድሟ ሌካንግ ነበሩ። ሌካንግ ያኔ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ማረሻ ሲይዝ በሬዎቹ ያለ ጅራፍ ይታዘዙታል፤ ሲቆጣ ግን እጁ ከአፉ ይቀድማል። ባለፈው ዓመት ከተማ ጠላ ቤት ውስጥ ተደባድቦ ዳኛ ፊት ቀርቦ ነበር። ዳኛው በተግሣጽ ለቀውት፣ በድብድብ ተመልሶ ቢመጣ ሁለት ዓመት እንደሚያስሩት አስጠንቅቀውታል።

ይህን እናቴ ለጎረቤታችን ለማቴቦ ስታወራት ሰምቻለሁ። ማቴቦ ደግሞ አጽናናሁ ብላ ስለ ከተማው ፍርድ ቤት ጥሩ ጥሩውን ትነግራት ነበር። እዚያ ሰው ሳይሰማ አይቀጣም አለች። ዳኛው ራሱ «ቃል አለህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ አፍ የሌለው ሰው ሲቀርብ ካባ የለበሰ ሰው ቆሞ ይናገርለታል። እናቴ ቅጠሉን መቀንጠሷን ቀጠለች። እኔ ግን የማቴቦን ቃል ያዝኩ። ሁለት ዓመት የሚለው በአንድ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጣ፤ የሚሰማ ዳኛ የሚለው ቀረ።

አህያችን ከወንዝ ውኃ ጭና ስትመለስ የባለሱቁ የጭነት መኪና አቧራውን እያስነሣ መጣ። የሚነዳው ጋሬ የመንደራችን ሰው ነው። ፍሬን ሲይዝ ጎማው አሸዋው ላይ ተንሸራተተና አህያዋን ጎኗ ላይ አገኛት። ውኃው ፈሰሰ። አህያዋ በፊት እግሮቿ ተንበርክካ ቀረች። ጋሬ ከመኪናው ወረደ፤ አህያዋን አየ፤ ከዚያ ወደ እኛ ዞሮ ሳቀ።

አጎቴ ከአጥሩ ላይ የቀንበር ማነቆ መዘዘ። አንዴ ብቻ ነው የመታው፤ የጋሬ ክንድ ሲሰበር የደረቀ ጭራሮ ይመስል ቀጭ አለ። ከዚያ ዞሮ የመኪናውን የፊት መስታወት አረገፈው። መስታወቱ በፀሐይዋ ውስጥ እንደ በረዶ ሲወርድ ደስ አለኝ።

ጋሬ ግን አልሳቀም ነበር። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው፣ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ጎጆዬን ሣር ስናለብስ። «ሲደነግጥ ጥርሱ የሚታይ ሰው አለ፤ እኔ ነኝ» አለኝ። «አባቴ የተቀበረ ቀንም አጎቶቼ ሊደበድቡኝ ነበር።»

ባለሱቁ ከደቡብ የመጣ፣ መንደራችን ውስጥ ከሁሉም ሰው በኋላ የሰፈረ ሰው ነው። እየሮጠ መጣና የመስታወቱን ፍሬም በጣቱ ዳር ዳሩን ነካካው። ጋሬ ክንዱን አቅፎ መሬት ላይ ተቀምጧል። ባለሱቁ መስታወቱ ከየት አገር ታዝዞ እንደመጣ ጠየቀው። ክንዱን አልጠየቀውም። ከዚያ አፍንጫና አፉን በጨርቅ አሰረና መስታወት የሌለውን መኪና ራሱ እየነዳ ወደ ከተማ ሄደ። ለምን እንደሄደ ለማንም መንገር አላስፈለገውም። ከፖሊስ ጋር ጠዋት እንደሚመለስ ዶሮዎቹም ያወቁ ይመስለኛል።

ያን ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ አጎቴ ከጎጆው ጀርባ ተቀምጦ ገንፎውን ሳይነካ መለሰው። እናቴ ብርድ ልብሷን ተከናንባ ወጣች። ወዴት እንደምትሄድ አልነገረችንም። ወጌሻው ቤት የምትሄድ መስሎኝ ነበር፣ አህያዋን እንዲያይልን።

ወጌሻው ቤት መሄዷ ልክ ነበር። የሄደችው ግን ጋሬ እዚያ ተኝቶ ስለነበረ ነው።

በነጋታው ፀሐይ ገና ከሞሩላው ዛፍ በላይ ሳትወጣ የኮትላው ቀንደ መለከት ተነፋ። እንዲህ በማለዳ ተነፍቶ አያውቅም። ሰዎች ፊታቸውን ሳይታጠቡ መጡ። ሌላ ጊዜ አለቃው መጀመሪያ ስለ ከብቱ፣ ስለ ሰማዩ፣ ስለ ታመመ ሰው ይጠይቃሉ። ያን ጠዋት ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ አጎቴን አስነሡት።

«ሌካንግ፣ የጋሬን ክንድ የሰበርከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ አዞ።» አዞ የአለቃው ጎሳ የሚከበርበት ስም ነው።

«መስታወቱንስ?»

«እሱንም እኔ።»

«ጋሬ፣ ክስህን ለእኔ አቅርበሃል?»

ጋሬ በግራ እጁ ባርኔጣውን አወለቀ። «ለእርስዎ አቅርቤያለሁ።»

«ለሌላስ ሰው?»

«ለሌላ ለማንም አላቀረብኩም።»

«በቃ። አራት ልምጭ። ለክንዱ ሁለት ፍየል፣ ለመስታወቱ ሦስት። ጻፍ፣ ሞሌፊ።»

ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። ራዲኮኮ በምርኩዙ ተደግፎ ተነሣ፤ ንግግሩን ሌሊቱን ሲያዘጋጅ ያደረ መሆኑ ከፊቱ ይታይ ነበር። «አዞ፣ እኔ እንኳ ገና...»

«ተቀመጥ፣ ራዲኮኮ።»

እነዚህ ሁለት ቃላት በዚያ ኮትላ ከዚያ በፊት ተነግረው አያውቁም። ራዲኮኮ ተቀመጠ። አፉ ግን እንደተከፈተ ቀረ፤ ከኋላው የነበረ ሰው ዝንብ ይገባብሃል እስኪለው ድረስ።

እናቴን ቀና ብዬ አየኋት። ወንድሟን አታየውም ነበር። ከግንዱ አጥር በላይ መንገዱን ታያለች። አፍራ ነው አልኩ በልቤ።

«እማ፣ ተናገሪለት» አልኳት።

ጭኔን ቆነጠጠችኝ።

ልምጩ ባልዲ ውስጥ ተዘፍዝፏል። የመንደሩ ዘብ አውጥቶ ውፍረቱን ሞሌፊ ዘንድ ባለው እንጨት ለካው፤ ከዚያ በላይ የወፈረ ልምጭ በመንግሥት ደንብ ክልክል ነው። ሊጀምር ሲል ሞሌፊ እጁን አነሣ። ደንቡ ሌላም ነገር ይላል፤ የጤና ረዳቱ ሰውየውን አይቶ ጤነኛ ነው ሳይል መግረፍ አይቻልም። የጤና ረዳቱ ቤት ከመንደሩ ማዶ ነው። አለቃው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ከዚያ አንድ ጎረምሳ በፈረሳቸው እንዲሄድ አዘዙ። በፈረሳቸው። የአለቃውን ፈረስ ሌላ ሰው ሲጋልበው አይቼ አላውቅም ነበር። አጎቴን ለመግረፍ ይህን ያህል ቸኮሉ ብዬ ልቤ ጠቆረ። ሞሌፊ ደግሞ የማኅተሙ ቀለም ስለደረቀበት ከብርጭቆው ሻይ እያንጠባጠበ ያሸው ነበር። እሱም ቸኩሏል። ሰው ሁሉ ቸኩሏል፤ ለአጎቴ የሚናገር ግን አንድ ሰው አልተነሣም።

ያኔ ነው የማቴቦ ነገር ትዝ ያለኝ። የከተማው ሕግ እየመጣ ነው። ካባ የለበሰ ሰው፣ ቃል አለህ ብሎ የሚጠይቅ ዳኛ። ቀድሞ ከደረሰ አጎቴ ይድናል።

ከእናቴ ብርድ ልብስ ሥር ወጣሁ፤ በሁለት ግንዶች መሃል ሾለክሁ፤ መንገዱን ይዤ ሮጥኩ።

ወንዙ ደርቋል፤ በጋውን የሚቀረው አሸዋው ብቻ ነው። የፖሊስ ላንድሮቨር ከማዶው ቁልቁለት ሲወርድ ደረስኩ። ሸሚዜን አውልቄ እያውለበለብኩ መሃል መንገድ ላይ ቆምኩ። መኪናው ቆመ። ወጣት ፖሊስ ይነዳል፤ ከጎኑ ቅንድቡ ድረስ አቧራ የለበሰው ባለሱቅ አለ፤ ከኋላ ሆዱ ትልቅ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ያስቀመጠ ሳጅን። ስሙ ማሩፒንግ ነው፤ ከምሥራቅ አገር የመጣ፣ ግን እንደኛው የሚናገር ሰው።

«ቶሎ ኑ» አልኳቸው። «አጎቴን ሊገርፉት ነው። ማንም አልተናገረለትም።»

ሳጅኑ ወረደና ፊቴ ቁጢጥ አለ። «ሊገርፉት ነው ወይስ ገረፉት?»

«ሊገርፉት። የጤና ረዳቱን እየጠበቁ ነው።»

«አለቃው ፈርደዋል?»

«ፈርደዋል። ቀድመው ነው የተናገሩት።»

«ቀድመው?» አለ። «አለቃ ኬሬንግ፣ ሰው ሳይናገር?»

«ራዲኮኮን ተቀመጥ አሉት።»

ሳጅኑ ባርኔጣውን ገልብጦ ውስጡን አየ። እዚያ ውስጥ የተጻፈ ነገር ያለ ይመስል አገላብጦ አየውና ራሱ ላይ አደረገው። ቀስ ብሎ ተነሥቶ ወደ መኪናው አፍንጫ ሄደ፤ የሞተሩን ክዳን ከፈተ።

«ሞተሩ ግሏል» አለ።

ባለሱቁ ከመስኮቱ ወጣ ብሎ፣ ሞተሩ እንዳልጋለ፣ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ቆመው እንዳበረዱት ነገረው።

«ጌታዬ፣ እርስዎ ስኳር ይሸጣሉ» አለ ሳጅኑ። «ሞተሩን ለእኔ ይተዉልኝ።»

ለእኔ አንድ የማርመላታ ቆርቆሮ ሰጠኝና ውኃ እንዳመጣ ላከኝ። ውኃው ያለው በአሸዋው ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ ነው፤ በደረትህ ተኝተህ በእጅህ ትቆፍራለህ፤ ከዚያ ውኃው እስኪጠራቀም ትጠብቃለህ። እየቆፈርኩ ጸለይኩ። ቆርቆሮውን በሁለት እጄ አቅፌ ጠብታ ሳላፈስ ሮጬ ሰጠሁት።

ሳጅኑ ተቀበለኝ፤ አመሰገነኝ፤ ፊቱን ታጠበበት። አንገቱንም ታጠበ። «እንዴት ያለ ቀዝቃዛ ውኃ ነው» አለ። «አሁን ደግሞ ለመኪናው አምጣለት።»

ሁለተኛውን ሳመጣ ወጣቱን ፖሊስ በዓይኑ ጠቀሰው፤ ወጣቱ ፖሊስ ጠጣው። ሦስተኛውን ሳመጣ ከላይኛው ጉድጓድ ነው ከታችኛው ብሎ ጠየቀኝ። ከታችኛው ነው አልኩት። የታችኛው ጨዋማ ስለሆነ ብረት ይበላል፤ ከላይኛው እንዳመጣ መለሰኝ። ያኔ አለቀስኩ። እንባዬ ጉድጓዱ ውስጥ እየገባ ውኃው ጨዋማ እንዳይሆን ፊቴን አዞርኩ። ሌላው ይቅር፣ መኪናው እንኳ በአጎቴ ላይ ተነሥቷል አልኩ።

ባለሱቁ በመጨረሻ በሩን ከፍቶ ወረደና በእግሩ እንደሚሄድ ተናገረ።

«ይሂዱ» አለው ሳጅኑ። «ግን ሰውየውን የምይዘው እኔ ነኝ። ቀድመውኝ ደርሰው ምን ያደርጋሉ፣ ስኳር ሊሸጡላቸው ነው?»

ባለሱቁ ተመልሶ ገባና በሩን ድው አደረገው።

ሳጅኑ ከመኪናው ጥላ ሥር ተቀምጦ ስሜን፣ የእናቴን ስም፣ ስንተኛ ክፍል እንደሆንኩ ጠየቀኝ። አጎቴ ያርሳል ወይ አለኝ። ከሁሉም ሰው በላይ ያርሳል አልኩት። እርሻችንን ሌላ የሚያርስልን ሰው አለ ወይ አለኝ። የለም አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ፒፓውን አወጣ። ፒፓውን ሲጠርግ፣ ሲሞላ፣ ሲያጠብቅ ክብሪቱን ነጥቄ ላቀጣጥልለት ቃጣኝ።

ያኔ ከመንደሩ በኩል የወንዶች ድምፅ መጣ። «ዝናብ! ዝናብ!» ኮትላ ላይ ፍርድ ሲፈጸም ሰው በአንድ ድምፅ የሚለው ነው።

ሳጅኑ ቆመ። ፒፓውን ሳያቀጣጥል ኪሱ ከተተ። ክዳኑን ዘጋ።

«በረደ» አለ። ያመጣሁትን የመጨረሻውን ቆርቆሮ ውኃ አሸዋው ላይ ደፍቶ ከኋላ ወንበር ላይ አወጣኝ።

ስንደርስ አጎቴ ቆሟል፤ መቀመጥ አልቻለም። ሸሚዙን ለብሷል። ፊቱ ላይ ላብ እንጂ እንባ አልነበረም። ከጎኑ ጋሬ አለ። ጋሬ በግራ እጁ የማሽላ ገንፎ ሳህን ይዞለታል፤ አንድ ጊዜ ጋሬ ይጎርሳል፣ አንድ ጊዜ አጎቴ። አስገድደውት ነው የሚበላው አልኩ። ከተፈረደ በኋላ የተጣሉ ሰዎች ከአንድ ሳህን እንደሚበሉ አውቅ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ጠፋኝ። ሞሌፊ ወረቀቱን በአየር ላይ እያራገበ የማኅተሙን ቀለም ያደርቃል። ሻይ ሻይ ይሸት ነበር።

ሳጅኑ ዱላውን በሩ ላይ ትቶ ገባ። ኮትላ ውስጥ መሣሪያ አይገባም። አለቃውን በጎሳቸው ስም ሰላም አላቸው፤ ወረቀቱን ተቀብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው፤ ከስሙ እስከ ማኅተሙ፣ የጤና ረዳቱ ቃል ሳይቀር። ቀስ ብሎ ነው ያነበበው። ሲጨርስ ባለሱቁ ፊት ቀረበ፤ እሱ በሌለበት መስታወቱ እንዴት ይፈረድበታል ብሎ ተቆጣ።

አለቃው ወደ አጥሩ አመለከቱ። ሦስት ፍየሎቻችን እዚያ ታስረዋል። «ለመስታወቱ የተፈረደው ያውና» አሉት። «ካነሰዎ ይናገሩ። እንሰማለን።»

ባለሱቁ ወደ ሳጅኑ ዞሮ እንዲይዘው አዘዘው።

«አልችልም፣ ጌታዬ» አለ ሳጅኑ። «ለአንድ ጥፋት ሰው ሁለት ጊዜ አይቀጣም። ይሄ የአለቃው ሕግ መስሎዎት እንዳይቆጡ፤ የከተማው መጽሐፍ ነው። ይህን ሰው ይዤ ብሄድ ዳኛው የሚቆጡት እኔን ነው።»

ባለሱቁ ፍየሎቹን አየ። ከዚያ ወረቀቱን አየ። ከዚያ ጋሬን አይቶ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ እንደሌለው ነገረው።

«አሁን ክንዴን አየኸው?» አለ ጋሬ። ጥርሱም አልታየም።

አለቃው ሳጅኑን ሻይ ጋበዙት። «ውኃ ጠጥቼ ነው የመጣሁት፣ አዞ» አለ። «ብዙ ውኃ።» ይህን ሲል እኔን ነበር የሚያየው። ዓይኔን ወደ መሬት ጣልኩ። ፖሊሶቹ ባለሱቁን ሱቁ በር ላይ አውርደው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ለብዙ ዓመት እንዲህ አድርጌ ነው የያዝኩት፦ የከተማው ሕግ አጎቴን ሊያድን መጥቶ ነበር፤ አለቃው ቸኩለው ቀደሙት፤ ሞተሩም ጋለ። አለቃ ኬሬንግን መንገድ ላይ ሳገኛቸው ሰላም ላለማለት ወደ ቁጥቋጦ እገባ ነበር። እሳቸው ደግሞ ቁጥቋጦውን ሰላም ብለው ያልፋሉ።

አጎቴ ነው ያቃናልኝ፣ እኔም ከወንዶቹ ጋር ኮትላ መቀመጥ የጀመርኩ ጊዜ። አህያዋ የተመታች ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ እናቴ ወጌሻው ቤት ሄዳ ከጋሬ ጋር ተነጋገረች፤ ከዚያ ሁለቱ አብረው አለቃውን ከእራታቸው አስነሧቸው። አለቃው የሚያውቁትን ሁለት ሕግ ጎን ለጎን አስቀምጠው ያሰቡት ያኔ ነው። በአባቶቻቸው ሕግ ሰው ሁሉ መናገር አለበት፤ ሰው ሁሉ ከተናገረ ግን ፖሊስ ይደርሳል። በከተማው ሕግ ደግሞ አንዴ የተቀጣ ሰው ዳግም አይነካም፤ ለዚህ ግን ቅጣቱ መፈጸም፣ ማኅተሙም መመታት አለበት። እናቴ መንገዱን ታይ የነበረችው የፖሊሱ መኪና አቧራ እንዳለ ለማየት ነው።

የቀረውን ያወቅሁት ከሳጅኑ ነው። ጡረታ ወጥቶ የጋሬ ልጅ ሠርግ ላይ መጣ፤ ጠላውን ይዞ በሰው መሃል ፈለገኝ። አለቃው መልእክተኛ ልከውበት እንደነበር ጠየቅሁት። ማንም አልላከበትም። «ምንም የማውቀው ነገር አልነበረም» አለኝ። «አንተ መንገድ ላይ ባትቆም ቀጥ ብዬ ገብቼ እይዘው ነበር። አለቃ ኬሬንግ ቀድመው ተናገሩ ስትለኝ ነው የገባኝ። እኚህ ሰውዬ ለቀልድ ሕጋቸውን አያፈርሱም።» ከዚያ ቆርቆሮ አንሥቶ ውኃ አምጣልኝ አለኝ፤ በሳቅ ሆዱ ተናወጠ።

ያን ዕለት ግን ነገሩ አላበቃም ነበር። የላንድሮቨሩ አቧራ ከሞሩላዎቹ ጀርባ ሲጠፋ ሰው መነሣት ጀመረ። አለቃው ማንም እንዳይሄድ አዘዙ። ወንበራቸውን አንሥተው ወደ እሳቱ አስጠጉት።

«አሁን ጆሮዬ ተርቧል» አሉ። «ራዲኮኮ፣ ተነሥ።»

ራዲኮኮ ተነሣ። ስለ አህዮች ተናገረ፤ ስለ መኪናዎች ተናገረ፤ አያቱ አንድ ጊዜ ስለጋለበው በሬ ተናገረ። ፀሐይ አናታችን ላይ ደረሰች። በመጨረሻ ምርኩዙን ወደ አለቃው ቀሰረ። በሞሩላነ ኮትላ ሰው ሳይናገር ተፈርዷል አለ። ምክንያቱን እንደሚያውቀው፣ ምክንያቱም ደግ እንደሆነ፣ ሕግ ግን ለደግ ምክንያትም ቢሆን ሲፈርስ እንደሚፈርስ ተናገረ። ይህን ያደረገ ሰው መቀጫ አለበት አለ።

ሰው ሁሉ ወደ አለቃው ዞረ።

«ስንት?» አሉ አለቃው።

«አንድ ፍየል። የሰባ።»

«ጻፍ፣ ሞሌፊ።»

ሞሌፊ ብዕሩን እንደያዘ ቀረ። የአለቃ መቀጫ የት ገጽ ላይ እንደሚጻፍ የከተማው ደንብ አይናገርም። አለቃው ከራዲኮኮ ፍየል በታች እንዲጽፈው ነገሩት፤ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ራዲኮኮም ቆይቶ ሳቀ። ፍየሉ በዚያኑ ዕለት ታረደ።

ከዚያ ሌሎቹ ተናገሩ። ጋሬ ተናገረ፤ አጎቴ ተናገረ፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። ያኔ የሴት ነገር በወንድ ዘመዷ አፍ ነበር የሚነገረው። የእናቴ ወንድ ዘመድ ደግሞ የተገረፈው ራሱ ነው። አለቃው ወደ ሴቶቹ ዞሩ።

«የሞጋፒ እናት፣ ቃል አለሽ?»

ሞጋፒ እኔ ነኝ። እናቴ ብርድ ልብሷን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ ተነሣች። ስትናገር ማንንም አላየችም።

«የጋሬ ክንድ እስኪድን መሪም ማረሻም አይዝም። ሥራውንም አጥቷል። ፍየል መሬት አያርስም» አለች። «ወንድሜ ሁለት ክንድ አለው።»

ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ ኮትላ ውስጥ ብዙ ቃል ሰምቻለሁ። እኔ ራሴ እስካሁን አንድ ጊዜም ተነሥቼ አልተናገርኩም፤ ስነሣ ግን እንደሷ አጭር እንዲሆን እፈልጋለሁ።

አለቃው ሁሉም ሲጨርስ፣ መጨረሻ ላይ፣ እንደ ልማዳቸው ተናገሩ። ሰዎቹ «ዝናብ!» አሉ።

በዚያው ሳምንት ዘነበ። አጎቴ መጀመሪያ የጋሬን ማሳ አረሰ፤ ቀጥሎ የእኛን።